በአሜሪካ የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት የነዋሪዎች ጤና ምዘና፦ የትክክለኛነት ጥያቄ ታሪክ

መግቢያ

በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋም የሚኖሩ አንዲት እናት ሌሊት ከአልጋቸው ሲነሡ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ እንበል። አምቡላንስ ተጠርቶ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳሉ፤ ሆስፒታሉም ስብራቱን መዝግቦ ያክማቸዋል፤ የሕክምናውንም ወጪ ከመንግሥት የጤና መድን ይጠይቃል። የሚኖሩበት ተቋም ስለ እርሳቸው ጤንነት በሚሞላው ቅጽ ላይ ግን ከባድ ጉዳት ያስከተለ መውደቅ አለመኖሩ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ይህ ከእውነቱ የራቀ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ2011 እስከ 2015 የነበሩ የሆስፒታል የክፍያ ሰነዶችን ከተቋማቱ ቅጾች ጋር ሲያነጻጽር፣ በመውደቅ ምክንያት ከደረሱት ከባድ ጉዳቶች መካከል ተቋማቱ በቅጻቸው የመዘገቡት 57.5 በመቶውን ብቻ መሆኑን አሳይቷል።

ስለዚህ ቅጽ ታሪክ ማወቅ ለጤና ባለሙያ ሁሉ የሚበጅበት ምክንያት አለ። ቅጹ የተፈጠረው ማንም የማያያቸውን አረጋውያን ለማሳየት ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሌሎች ሸክሞች ተጫኑበት፤ እያንዳንዱ አዲስ ሸክምም የጸሐፊውን እጅ ወደ አንድ ወገን ጎተተው። ይህ ጽሑፍ የዚህን ምዘና አጀማመር፣ የተሰጡትን ተደራራቢ ተግባራትና ትክክለኛነቱን ለመመለስ የተደረገውን ጥረት በአጭሩ ይዳስሳል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከምዘናው በፊት፦ ሕንፃው እንጂ ሰውየው ያልታየበት ዘመን

በአሜሪካ በ1935 የወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ለችግረኛ አረጋውያን የሚሰጠውን የፌዴራል ድጎማ በሕዝብ ተቋማት ውስጥ ለሚኖሩት ከልክሎ ነበር። ዓላማው የቆዩትን የድኾች መጠለያዎች ማስቀረት ሲሆን፣ ከውጤቶቹ አንዱ ግን አረጋውያንን በክፍያ ተቀብለው የሚያኖሩ የግል ቤቶች መበራከት ሆነ። በ1965 ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉት የመንግሥት የጤና መድን መርሐ ግብሮች ሲቋቋሙ ደግሞ ለተቋማቱ የሚከፈለው የሕዝብ ገንዘብ እጅግ አደገ፤ የተቋማቱ ቁጥርም አብሮ ጨመረ።

ገንዘቡ ሲጨምር ቁጥጥሩ በዚያው መጠን አልጨመረም። ተቆጣጣሪዎች ወደ ተቋማቱ ሲሄዱ የሚመረምሩት በአመዛኙ የእሳት መከላከያውን፣ የወጥ ቤቱን ንጽሕና፣ የሠራተኞችን የሥራ ዝርዝርና በጽሑፍ የተቀመጠውን መመሪያ ነበር። ጥያቄው ተቋሙ እንክብካቤ ለመስጠት የሚያስችል አቅም አለው ወይ የሚል እንጂ፣ እንክብካቤው ለነዋሪው በእርግጥ ደርሶታል ወይ የሚል አልነበረም። በመሆኑም ሰነዱ የተሟላ ተቋም፣ ነዋሪዎቹ በመተኛት ብዛት ቆስለው ወይም ከወንበር ጋር ታስረው ቢውሉም እንኳ፣ ፈተናውን ሊያልፍ ይችል ነበር።

ይህ አሠራር በፍርድ ቤት ተከሰሰ። በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት በሜዲኬይድ የሚረዱ የተቋማት ነዋሪዎች በ1975 የጀመሩት ክስ በ1984 በፌዴራል የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔ አገኘ። ፍርድ ቤቱ ስሚዝ እና ሄክለር ተብሎ በሚታወቀው በዚህ ጉዳይ ላይ፣ ገንዘቡን የሚከፍለው የፌዴራል ሚኒስቴር ነዋሪዎቹ ተገቢውን እንክብካቤ ማግኘት አለማግኘታቸውን የሚያውቅበት ሥርዓት የመዘርጋት ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። ከዚህ በኋላ ስለ ነዋሪው አለማወቅ ምክንያት ሆኖ መቅረብ አልቻለም።

ስለ ነዋሪው ምን ይታወቅ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በከፊል ተዘጋጅቶ ነበር። ዶክተር ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቻቸው የዳሌ ስብራት የደረሰባቸውን አረጋውያን ሲከታተሉ ቆይተው በ1963 አንድ መለኪያ አሳትመው ነበር። መለኪያው ስድስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ እነርሱም ገላን መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ዓይነ ምድርን መቆጣጠርና ምግብ መብላት ናቸው። የበሽታው ስም አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ አረጋዊ ራሱን ችሎ ሲኖር ሌላው በሰው እጅ የሚኖርበትን ልዩነት ያሳየው ይህ ቀላል መለኪያ ነው። እኚሁ ሐኪም የመሩት የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ኮሚቴ በ1986 ባወጣው ዘገባ፣ እያንዳንዱ ነዋሪ በአንድ ወጥ መሣሪያ በየጊዜው እንዲመዘን ሐሳብ አቀረበ።

የ1987 ሕግና ቅጹ

ሐሳቡ ሕግ ለመሆን ብዙ አልቆየም። በታኅሣሥ 1987 የጸደቀው፣ በባለሙያዎች ዘንድ ኦብራ 87 ተብሎ የሚጠራው ሕግ ከሜዲኬርና ከሜዲኬይድ ክፍያ የሚቀበል ተቋም ሁሉ የእያንዳንዱን ነዋሪ የመንቀሳቀስና ራስን የመርዳት አቅም የሚያሳይ የተሟላ፣ ትክክለኛና ወጥ የሆነ ምዘና እንዲያካሂድ አዘዘ። ምዘናው ነዋሪው ሲገባ፣ በጤናው ላይ ጉልህ ለውጥ ሲታይና ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይካሄዳል፤ በየሦስት ወሩም ይከለሳል። አንድ የተመዘገበ ነርስ ሥራውን ይመራል ወይም ያስተባብራል፤ መጠናቀቁንም በፊርማው ያረጋግጣል። ሐሰት መሆኑን እያወቀ የሚፈርም ሰው በእያንዳንዱ ምዘና እስከ 1,000 ዶላር፣ ሌላውን ሐሰት እንዲፈርም የሚያደርግ ደግሞ እስከ 5,000 ዶላር ሊቀጣ እንደሚችል በሕጉ ተደነገገ። ሕግ አውጪው ቅጹን የሚሞላው ራሱ የሚመረመረው ወገን መሆኑን ከመጀመሪያው ተገንዝቦ እንደነበር ከዚህ ድንጋጌ መረዳት ይቻላል።

ቅጹን ለማዘጋጀት ከ1988 ጀምሮ ካትሪን ሆስ፣ ጆን ሞሪስ፣ ቪንሰንት ሞርና ብራንት ፍራይስ የተባሉ ተመራማሪዎች የተካተቱበት ቡድን ሠራ። ውጤቱ ሚኒመም ዳታ ሴት፣ ማለትም አነስተኛው የመረጃ ስብስብ፣ የሚል ስም ተሰጠው። ስሙ እንደሚያመለክተው ነዋሪን ለመንከባከብ ከዚህ ያነሰ ማወቅ አይበቃም ለማለት የታሰበ ነበር። ቅጹ ከ1990 መጨረሻ ጀምሮ በአገሪቱ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ፤ ሁለተኛው እትም ደግሞ በ1996 ተከተለ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተስፋ ሰጪ ነበሩ። በ10 ክፍለ ግዛቶች ከቅጹ በፊትና በኋላ የነበረውን ሁኔታ ያነጻጸረ ጥናት ነዋሪዎችን ማሰርና የሽንት ቱቦ ማቆየት መቀነሱን አሳየ። ነርሷ "ይህ ሰው ለምን ታሰረ?" የሚል ጥያቄ በጽሑፍ ሲቀርብላት፣ መልስ ያልተገኘለት ማሰሪያ መፈታት ጀመረ። ቅጹ በዚህ ጊዜ ያገለገለው ለእንክብካቤ ዕቅድ ብቻ ስለነበር፣ የተሳሳተ መልስ በመስጠት የሚጠቀም ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

አዘጋጆቹ የቅጹን አስተማማኝነት የፈተኑት ሁለት የሠለጠኑ ነርሶች አንድን ነዋሪ በየፊናቸው እንዲመዝኑ በማድረግ ነበር። እንደ መንቀሳቀስና መመገብ ባሉት ላይ ነርሶቹ በአብዛኛው ተስማሙ፤ እንደ ድንገተኛ የአእምሮ መዛባት ባሉት፣ አስተዋይነትን በሚጠይቁ ጉዳዮች ላይ ግን ስምምነታቸው ደከም ያለ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለት ምስክሮች በአንድ ቃል መስማማታቸው ቃሉ እውነት መሆኑን አያረጋግጥም። ዝም ብለው የተኙ አረጋዊ ሕመም እንደሌላቸው ሁለቱም ነርሶች ሊስማሙ ይችላሉ፤ አረጋዊው ግን ሌሊቱን በሥቃይ አሳልፈው ይሆናል።

ቅጹ የክፍያ ሰነድ ሲሆን

በ1997 የወጣው የበጀት ሕግ የቅጹን ዕጣ ለወጠው። ከሐምሌ 1998 ጀምሮ ሜዲኬር ለተቋማቱ የሚከፍለው በወጪያቸው መጠን መሆኑ ቀርቶ፣ ነዋሪዎችን በ44 ምድቦች በሚከፍል ሥርዓት ሆነ። ምድቡን የሚወስነው ደግሞ ይኸው የምዘና ቅጽ ነበር። ነዋሪው የበለጠ የሰው እርዳታ የሚሻ መሆኑ ሲጻፍ ክፍያው ያድጋል። በየሳምንቱ የሚሰጠው የፊዚዮቴራፒና የመሰል ሕክምና ደቂቃ ሲበዛም እንዲሁ ነው፤ ለከፍተኛው ደረጃ 720 ደቂቃ፣ ለቀጣዩ 500 ደቂቃ ያስፈልግ ነበር።

በ2001 የሚኒስቴሩ ዋና መርማሪ ጽሕፈት ቤት ቅጾቹን ከነዋሪዎቹ የሕክምና መዝገብ ጋር አስተያይቶ፣ ከተመረመሩት ጥያቄዎች በ17 በመቶው ላይ ልዩነት አገኘ። ልብ ሊባል የሚገባው ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ ተቋሙ ጥቅም ያጋደለ አለመሆኑ ነው፤ ለተቋሙ የሚገባውን ክፍያ ያሳነሱ ስሕተቶችም ብዙ ነበሩ። ይህም ከማጭበርበር ባልተናነሰ የጥድፊያ፣ የሥልጠና ማነስና የጥያቄዎቹ አሻሚነት ድርሻ እንደነበራቸው ይጠቁማል። ለምሳሌ የነዋሪውን ራስን የመርዳት አቅም ለመመዝገብ የሰባት ቀን የሦስቱም ፈረቃ ሁኔታ መታወቅ ነበረበት። ቅጹን የምትሞላው ነርስ ግን በአብዛኛው ቀን የምትሠራ ናት፤ ሌሊት አረጋዊውን ደግፎ ወደ መጸዳጃ ቤት የወሰደው የነርስ ረዳት ያየውን ካልነገራት፣ ወይም በችኮላ የቀደመውን ፈረቃ ምልክት ከገለበጠ፣ ቅጹ ላይ የሚሰፍረው የቀን ገጽታ ብቻ ይሆናል።

የክፍያው ጉዳይ ከጽሑፍም አልፎ ሕክምናውን ራሱን ነካው። በኋላ የተገኙ የክፍያ መረጃዎች የብዙ ነዋሪዎች የሕክምና ደቂቃ ልክ በ720 ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ የተሰበሰበ መሆኑን አሳዩ። የአረጋውያን ፍላጎት እንዲህ በአንድ ቁጥር ላይ ሊገናኝ እንደማይችል ግልጽ ነው። ከጥቅምት 2019 ጀምሮ የደቂቃው መለኪያ ተሽሮ ክፍያው በነዋሪው የጤና ባሕርይ ላይ ሲመሠረት፣ የሚሰጠው ሕክምና ወዲያውኑ ቀነሰ። በአንድ ጀምበር የነዋሪዎቹ ጤና አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቅጹ የሚጠይቀው ነገር ነው።

ቅጹ የውጤት ሰሌዳ ሲሆን

ሦስተኛው ሸክም የመጣው በ2002 መጨረሻ ነው። መንግሥት ከቅጾቹ ያሰላቸውን የጥራት መለኪያዎች፣ እንደ መተኛት ቁስል፣ ሕመምና ማሰሪያ ያሉትን፣ በየተቋሙ ስም ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ጀመረ፤ ከታኅሣሥ 2008 በኋላ ደግሞ ተቋማቱን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ደረጃ ሰጣቸው። ቤተሰብ እናቱን ወይም አባቱን የት እንደሚያኖር ሲመርጥ እነዚህን ኮከቦች ይመለከታል። እንግዲህ ያው እጅ ያንኑ ነዋሪ ለክፍያ ሲል ደካማ፣ ለኮከብ ሲል ደግሞ ጤነኛ አድርጎ እንዲጽፍ ከሁለት አቅጣጫ ይጎተት ጀመር።

ከዚህ የባሰው ችግር ግን በቅን ሠራተኞችም ላይ የሚደርስ ነበር። በዚያው አሠርት በካሊፎርኒያ የተካሄዱ ጥናቶች ብዙ የድብርት ምልክት የመዘገቡ ተቋማትን ጥቂት ከመዘገቡት ጋር አነጻጸሩ። ተመራማሪዎቹ ነዋሪዎቹን ራሳቸውን ሲጠይቁ የድብርቱ መጠን በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ብዙ የመዘገቡት ተቋማት ሠራተኞች ድብርትን የበለጠ መለየታቸው ነበር። ስለ ሕመም የተደረገው ጥናትም ወደ ተመሳሳይ መደምደሚያ አደረሰ። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ መጥፎ ሆኖ የታየው ተቋም በእርግጥ የተሻለ የሚያስተውለው፣ ጥሩ መስሎ የታየው ደግሞ ያላየው ሊሆን ይችል ነበር። ሕመምን የሚፈልግ ያገኘዋል፤ ያገኘውን የጻፈ ግን በቁጥሩ ይወቀሳል።

ሌላው ምሳሌ የስኪዞፍሬንያ ምርመራ ነው። የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን አንቲሳይኮቲክ መድኃኒት መስጠት ለሞት የሚዳርግ አደጋ ስላለው፣ መንግሥት ከ2012 ጀምሮ አጠቃቀሙን ለመቀነስ ዘመቻ አካሄደ። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ነዋሪዎች መድኃኒቱ ስለሚያስፈልጋቸው ከቆጠራው ውጪ ተደረጉ። ከዚያ በኋላ በቅጾቹ ላይ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ነዋሪዎች ቁጥር እየጨመረ ሄደ። ይህ ሕመም በአብዛኛው በወጣትነት የሚጀምር መሆኑን የሚያውቅ ባለሙያ፣ በሰማንያ ዓመት ድንገት የተጻፈ ምርመራ ሲያይ መጠርጠሩ አይቀርም። ጉዳዩ በ2021 በጋዜጣ ምርመራ ለሕዝብ ይፋ ወጣ፤ በጥር 2023 መንግሥት የዚህን ምርመራ አመዘጋገብ በኦዲት እንደሚያጣራና የተሳሳቱትን ተቋማት ደረጃ እንደሚቀንስ አስታወቀ። በነዋሪው ላይ የደረሰው ጉዳት ድርብ ነው፤ አላስፈላጊ መድኃኒት ወሰደ፣ የሌለውንም ሕመም ስም ተሸከመ።

ባለቤቱን መጠየቅ

ትክክለኛነትን ለማሻሻል ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ የላቀው ከጥቅምት 1 ቀን 2010 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሦስተኛው እትም ነው። በዶክተር ዴብራ ሳሊባ መሪነት የተዘጋጀው ይህ እትም በ8 ክፍለ ግዛቶች በሚገኙ 71 ተቋማት ተፈትኗል። ዋናው ለውጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፤ ነዋሪው ስለ ራሱ ይጠየቅ።

ቀደም ሲል ሕመም መኖሩን፣ ማስታወስን፣ ሐዘንን የሚፈርደው ሠራተኛው በዕይታው ነበር። በአዲሱ ቅጽ ግን ነርሷ ከአረጋዊው ፊት ተቀምጣ ባለፉት አምስት ቀናት ሕመም ነበረብዎ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ለማስታወስ ችሎታ ሦስት ቃላት፣ ማለትም ካልሲ፣ ሰማያዊና አልጋ፣ ይነገራቸዋል፤ ዓመቱን፣ ወሩንና ዕለቱን ከመለሱ በኋላ ቃላቱን እንዲደግሙ ይጠየቃሉ። ውጤቱ ከ0 እስከ 15 ሲሆን፣ 13 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው የማስታወስ ችሎታው ደኅና ነው ይባላል። የድብርት ምልክቶችም በሐኪም ቤቶች በሚሠራበት ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መለኪያ ይጠየቃሉ። መናገር ለማይችሉት ብቻ የሠራተኛ ዕይታ ተቀመጠላቸው።

የተፈራው ሁለት ነገር ነበር፤ አረጋውያኑ መመለስ አይችሉም የሚልና ጊዜ ይፈጃል የሚል። ሁለቱም እንደተፈሩት አልሆኑም። የማስታወስ ችሎታቸው የደከመ ብዙ ነዋሪዎች ስለ ሕመማቸው ትርጉም ያለው መልስ ሰጡ፤ በሙከራው አዲሱን ቅጽ ለመሙላት የወሰደው ጊዜም ከቀድሞው በ45 በመቶ ያህል አነሰ። አንድን ሰው መጠየቅ ስለ እርሱ መዝገብ ከማገላበጥ ይፈጥናል።

ይኸው እትም የቁስል አመዘጋገብንም አስተካክሏል። በቀድሞው ቅጽ አራተኛ ደረጃ የደረሰ የመተኛት ቁስል እየዳነ ሲሄድ ሦስተኛ፣ ከዚያም ሁለተኛ ደረጃ እየተባለ ይጻፍ ነበር። የጠፋው ጡንቻና ስብ ግን በጠባሳ ይሞላል እንጂ ተመልሶ አይበቅልም፤ ስለዚህ ቁስሉ በመዳን ላይ ያለ አራተኛ ደረጃ እንጂ ሁለተኛ ደረጃ አይባልም። ከ2010 በኋላ ይህ ወደ ኋላ መቁጠር ቀረ።

ይሁን እንጂ ጥያቄው ለባለቤቱ ባልቀረበባቸው ክፍሎች ችግሩ ቀጥሏል። በመግቢያው የተጠቀሰው የመውደቅ ጥናት የተካሄደው በአዲሱ ቅጽ ዘመን በነበረ መረጃ ላይ ነው። በዚያው ጥናት ለነጭ ነዋሪዎች የተመዘገበው 59.0 በመቶ ሲሆን፣ ነጭ ላልሆኑት ግን 46.4 በመቶ ብቻ ነበር። ያልተመዘገበው ውድቀት በሁሉም ላይ እኩል አልተከፋፈለም ማለት ነው።

ማጠቃለያ

የዚህ ቅጽ ታሪክ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን በነዚህ ተቋማት በነርስነትና በነርስ ረዳትነት ይሠራሉ፤ ከላይ የተገለጸውን የሌሊት ፈረቃ የሚያውቁትም እነርሱ ናቸው። በአገራችን የጤና መረጃ ሥርዓትም በጤና ተቋማት ሪፖርትና በመዝገብ መካከል ያለውን ስምምነት በናሙና ማመሳከር የተለመደ አሠራር ሆኗል። ይህ ማመሳከር ጠቃሚ ቢሆንም፣ ከላይ እንደታየው ሪፖርቱ ከመዝገቡ ጋር መስማማቱ መዝገቡ ከታካሚው ጋር መስማማቱን አያሳይም።

ከታሪኩ ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ አንድ ቅጽ ለእንክብካቤ፣ ለክፍያና ለወቀሳ በአንድነት ሲያገለግል እንክብካቤው ይጎዳል፤ ስለዚህ የሚያሸልም ወይም የሚያስቀጣ ቁጥር ሁሉ ከጸሐፊው እጅ ውጪ በሆነ ሌላ ማስረጃ፣ እንደ ሆስፒታል ሰነድ ባለ፣ መመሳከር ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ከፍተኛ ቁጥር ያስመዘገበን ክፍል ከመውቀስ በፊት የበለጠ ስለፈለገ ይሆን ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ ለመናገር የሚችል ሰው ስለ ራሱ ሳይጠየቅ ምዘናው ተሟልቷል ሊባል አይገባም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በእነዚህ ተቋማት ታሪክ ግን በሽታቸውን የደበቁት አረጋውያኑ አልነበሩም፤ የደበቀባቸው ስለ እነርሱ የተጻፈው ወረቀት ነው። ወድቀው የተሰበሩት እናት መውደቃቸው በቅጹ ላይ ካልሰፈረ፣ የአልጋቸው ቁመት ዝቅ አይልም፣ የሌሊት መድኃኒታቸውም እንደገና አይታይም፣ መንገዳቸው ላይ መብራት አይበራም። ስለዚህ በምዘናው ግርጌ የሚፈርም ባለሙያ ሁሉ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ወደ አልጋው ቀርቦ ባለቤቱን ይጠይቅ።